ምዕራፍ ሰባት፦ «ስኳርሽ ስንት ሆነ?»

የስኳር ክሊኒክ ነርሶች ገና ሲከፈት የሚያውቁት ደብተር አለ። በቀን አራት ጊዜ የተለካ የሦስት ወር ቁጥር ተሞልቶበታል፤ ጠዋት 118፣ ቀን 132፣ ማታ 125፣ ከመኝታ በፊት 121። ሁሉም በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ጥድፊያ ተጽፏል። የደም ጠብታ የነካው ገጽ የለም፤ ጥግ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም። ደብተሩን ስኳር ያለባት አንዲት ታዳጊ ትናንት ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው የሞላችው። ከዚያ የላቦራቶሪው ውጤት ይመጣል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚናገረው ኤችቢኤዋንሲ 10 ከመቶ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም በአማካይ 240 ገደማ ማለት ነው። ደብተሩና ደሙ አይተዋወቁም።

ይህን አይቶ የማይቆጣ ሐኪም ጥቂት ነው። እናት ታፍራለች፤ አባት «ለማን ብለሽ ነው?» ይላል፤ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ቀጣዩን ቀጠሮ ይዘው ይወጣሉ፤ በቀጣዩም ቀጠሮ ደብተሩ ያው ነው። ልጅቷ ኢንሱሊኗን ካልተወጋች ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ስለ ዓይንና ስለ ኩላሊት የሚነገረውን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች። የጎደላት እውቀት አይደለም። ቁጥሩ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ሆኖባታል፤ ያውም በየመንፈቁ ሳይሆን በቀን አራት ጊዜ የሚታደል። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሰርተፍኬቱን እንደሚደብቅ እሷም ቁጥሯን ደበቀች።

ስልክ ላይ ተጭኖ ስኳር ያለባቸውን ታዳጊዎች መንፈስ አግዛለሁ የሚል ነገር ሁሉ መጀመሪያ በዚህች ልጅ መፈተን አለበት ባይ ነኝ። ቁጥሯን ሳትፈራ እንድታየው ያደርጋታል? ወይስ ቤት ውስጥ ካሉት ተቆጪዎች ላይ አንድ ተቆጪ ይጨምርባታል? ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሞከሩት ብዙ ናቸው፤ የተሳካላቸውንና ያልተሳካላቸውን የለየውም በአመዛኙ ይኸው ነው።

ወደ ስልኩ ከመሄዳችን በፊት ግን ለልጅቷ ጥብቅና እንቁምላት። በጉርምስና ዕድሜ ሰውነት የሚያመነጨው የእድገት ሆርሞን ኢንሱሊንን ይጋፋዋል። በ11 ዓመቷ የበቃት መጠን በ14 ዓመቷ አይበቃትም። አመጋገቧ ሳይለወጥ፣ መርፌዋንም ሳትዘል ስኳሯ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ አይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ሰዎች የሚመዘግበው ቲዋንዲ ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 የሰበሰበው መረጃ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ በ5 ዓመት ዕድሜ 8.1 ከመቶ የነበረው አማካይ ከ15 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ 9.3 ይደርሳል፤ በ28 ዓመት ደግሞ ወደ 8.0 ይመለሳል። ኢንሱሊኑ፣ ፓምፑ፣ ሐኪሙ ሁሉ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ ነገሩን ሁሉ የልጅ ግድየለሽነት ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ሥራውም ቀላል አይደለም። መለካት፣ መገመት፣ መውጋት፣ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት። የውጭ መጻሕፍት «የምትበላውን ካርቦሃይድሬት ቁጠር» ይላሉ፤ ከአንድ ትሪ አምስት ሰው በሚበላበት ቤት ማን ስንት እንጀራ እንደበላ ማን ያውቃል? አክስት ስታጎርስ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ልጁ ግምቱን ሲስት ወይ ይወጣበታል ወይ ይወርድበታል። ሲወርድበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፤ ክፍል ውስጥ ከሆነ ጓደኞቹ እያዩት ጁስ ይጠጣል። ይህ ሁሉ ያለ እሁድና ያለ በዓል፣ ዓመቱን ሙሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዊልያም ፖሎንስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ቦስተን በሚገኘው የጆዝሊን የስኳር ማዕከል ሃያ አራት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳተሙ። በሽተኛው ስንት ጊዜ እንደተለካ አይጠይቅም። ስለ ስኳርህ ስታስብ ትፈራለህ? ወደፊት ስለሚመጣው ጣጣ ታስባለህ? በየቀኑ በሚጠይቅህ ልፋት ዝለሃል? እያለ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ለታዳጊዎች የተስማማ መጠይቅም ተሠርቷል። የዚህ ሥራ ትልቁ ፍሬ ከስኳሩ የሚመጣውን ምሬት ከድባቴ መለየቱ ነው። ድባቴ የሕይወትን ጣዕም ሁሉ ይወስዳል፤ ሕክምናም ይፈልጋል። ምሬቱ ግን ልጁ ኳስ እየተጫወተ፣ እየሳቀ፣ እየተማረ መለኪያውን ሲያይ ብቻ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ልጆች ከ7 ወይም ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ ስለዚህ ምሬት እንዲጠየቁ ይመክራል። ብዙ ክሊኒክ ግን ዛሬም ከቁጥሩ አልፎ አይጠይቅም።

መደበቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከኢንሱሊን ጋር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በኢንሱሊን ለመታከም የመጀመሪያ የሆነው የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሊዮናርድ ቶምፕሰን። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ 15 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀራት ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ ወደ ሆነው ወደ ፍሬድሪክ ባንቲንግ ዘንድ ተወሰደች። ለሦስት ዓመት ያህል በረሃብ አመጋገብ በሕይወት ቆይታ ክብደቷ 20 ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር። ዳነች፤ ተማረች፤ አግብታ ወለደች፤ 73 ዓመት ኖራ እ.ኤ.አ. በ1981 አረፈች። በእነዚያ ዓመታት 42,000 ገደማ መርፌ ተወግታለች። ከጥቂት የቅርብ ሰዎች በቀር ግን ስኳር እንዳለባት ያወቀ አልነበረም፤ ስለ በሽታዋ የተጻፈውን እንኳ ከአባቷ ሰነዶች እንዲጠፋ አድርጋለች። በዘመኗ ሁሉም ነገር የነበራት ሴት ይህን ያህል ከደበቀች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መርፌዋን ሽንት ቤት ገብታ ብትወጋ አይገርምም።

ስልክ ወደዚህ ታሪክ የገባው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ፣ ቪክቶሪያ ፍራንክሊን የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ «ስዊት ቶክ» የሚል አገልግሎት ዘረጉ። ልጁ ክሊኒክ ሲመጣ ከሐኪሙ ጋር አንድ ግብ ይመርጣል፤ ከዚያ ዕድሜውን፣ ጾታውንና የሚወስደውን ሕክምና ያገናዘበ መልእክት በየቀኑ ስልኩ ላይ ይገባለታል። መልሶ መጻፍም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ውጤት ከ8 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 92 ልጆች የተከታተለ ነው። የተለመደው ሕክምና ላይ ቆይተው መልእክቱ ብቻ የተጨመረላቸው ልጆች ኤችቢኤዋንሲያቸው አልተነቃነቀም፤ 10 አካባቢ ቀረ። ጠንከር ያለ የኢንሱሊን ሕክምና ከመልእክቱ ጋር ያገኙት ወደ 9.2 ወረዱ። መልእክት ኢንሱሊንን አይተካም ማለት ነው፤ ማን ይተካል አለ? እኔን የሚስበኝ ሌላው ውጤት ነው። መልእክቱ የደረሳቸው ልጆች «ይህን ነገር እችለዋለሁ» የሚለው እምነታቸው ጨምሯል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ይቀጥልልን ብለዋል። ያገኙት በቀን አንድ ጊዜ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚደርሳቸው ቃል ነበር።

ስማርት ስልክ ሲመጣ ሽልማት መጣ። ቶሮንቶ ውስጥ የጆሴፍ ካፋዞ ቡድን ለባንቲንግ መታሰቢያ «ባንት» ብሎ የሰየመውን መተግበሪያ ሠራ። መለኪያው ቁጥሩን ወደ ስልኩ ይልካል፤ ልጁ በለካ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሙዚቃና ጨዋታ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሙከራ ከ12 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 20 ልጆች በቀን ይለኩ የነበረው 2.4 ጊዜ ወደ 3.6 ከፍ አለ። ሰው ተደነቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ 92 ልጆችን ለአንድ ዓመት የተከታተለው ትልቁ ጥናት ሲወጣ ግን መተግበሪያውን በያዙትና ባልያዙት መካከል በኤችቢኤዋንሲ ልዩነት አልተገኘም። ሽልማት ይጀምራል እንጂ አያዘልቅም። እዚህ ላይ ግን ለሠሪዎቹ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፦ የሸለሙት መለካትን ነበር። ቁጥሩ 110 ሆነ 310፣ የለካ ይሸለማል። ይህ ከብዙ ወላጅ ይሻላል።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ሙከራ የየል ዩኒቨርሲቲው ነው። ማርጋሬት ግሬይ የምትመራው የነርስነት ትምህርት ቡድን ታዳጊዎች ጭንቀትን እንዴት እንደሚቋቋሙ በአካል ሲያስተምር ብዙ ዓመት ቆይቶ ትምህርቱን ወደ ኢንተርኔት አመጣውና «ቲንኮፕ» አለው። በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስኳር ያለባቸው ታዳጊዎች ናቸው፤ ከእናታቸው ጋር ይጣላሉ፣ ለጓደኛ መንገር ያፍራሉ፣ ይሰለቻሉ። ከጎኑ ደግሞ ስለ ስኳር አያያዝና ችግር አፈታት የሚያስተምር ሌላ ፕሮግራም ነበር። ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 320 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ጀመሩ፤ ዓመት ሲሞላ ደግሞ አንዱን የጨረሰ ሌላውን እንዲወስድ ዕድል ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ውጤት መሠረት በ18ኛው ወር ላይ የተሻሉት ሁለቱንም የጨረሱት ናቸው፤ ስኳራቸው ዝቅ ያለ፣ ጭንቀታቸው የቀነሰ፣ ከቤተሰብ ጋር በስኳር ምክንያት የሚነሳው ጠብ የበረደ። የእጅ ሙያውና የልቡ ሙያ አብረው ሲሄዱ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። የ15 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ለካ፤ 287። አንዳንዱ መተግበሪያ ማያ ገጹን በቀይ ቀለም ይሞላዋል። ልጁ ቀዩን አይቶ «እኔ እኮ አልረባም» ይላል፤ ስልኩን ይጥላል፤ እስከ ማታ አይለካም። የመቋቋም ትምህርቱ ግን እዚያች ቅጽበት ላይ ያስቆመዋል፦ አሁን ለራስህ ምን አልከው? ይህንኑ ቃል ስኳር ላለበት ጓደኛህ ትለው ነበር? ቁጥሩ የሚነግርህ ሌላ ነገር ምን አለ? ልጁ ያስባል። ምሳ ላይ ፓስታ ነበር፤ መርፌውን የተወጋው ከበላ በኋላ ዘግይቶ ነው። 287 ሆነ እንግዲህ። ውኃ ይጠጣል፣ ሐኪሙ በጻፈለት መጠን ማስተካከያውን ይወጋል፣ ቆይቶ ይለካል። ያ 287 ያው 287 ነው፤ ልጁ ግን ከመለኪያው አልሸሸም። ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም ለታዳጊዎች ለራስ መራራትን የሚያስተምር፣ በጽሑፍ የሚያወራ አውቶማቲክ አጫዋች (ቻትቦት) ሠርተው ልጆቹና ሐኪሞቹ እንዲተቹት አድርገዋል።

አሁን ደግሞ ቆዳ ላይ ተለጥፎ በየአምስት ደቂቃው የሚለካው መሣሪያ መጣ። በቀን 288 ቁጥር ነው። ጣት መውጋቱ በአብዛኛው ቀረ፤ ሌሊት ስኳር ሲወርድ የሚያነቃ ተገኘ፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና ማንም አያቃልለው። ቁጥሩን ከሩቅ ማየት የጀመሩት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ኮስቲክ የተባለ አሜሪካዊ አባት የሕፃን ልጁን መለኪያ ሥራ ቦታው ሆኖ ለማየት የጻፈው ኮድ «ናይትስካውት» የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ወለደ፤ ኩባንያዎቹም ተከተሉ። ለአራት ዓመት ሕፃን ከዚህ የሚበልጥ በረከት የለም። ለ15 ዓመት ጎረምሳ ግን ሌላ ነው። ፈተና ላይ ሳለ ከእናቱ «210 ሆነሃል፣ ምን በላህ?» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ከጓደኞቹ ጋር ኬክ ሲቆርስ ስልኩ ይጠራል። ቀድሞ በቀን አራቴ ይመጣ የነበረው ሰርተፍኬት አሁን 288 ጊዜ ይታደላል፤ ያውም በቀጥታ ለወላጅ። አንዳንዱ መሣሪያውን ነቅሎ ይጥላል፤ አንዳንዱ ስልኩን ከኢንተርኔት ያቋርጣል። ወላጅ «ቴክኖሎጂው እምቢ አለው» ይላል።

ስለ አጫዋች ማሽኖች አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው ብሔራዊ የአመጋገብ መታወክ ማኅበር «ቴሳ» የተባለ አጫዋቹን ከአገልግሎት አወረደ። የአመጋገብ መታወክ ላለባቸው ሰዎች ክብደት ስለ መቀነስና ካሎሪ ስለ መቁጠር ሲመክር ተገኝቶ ነው። ይህ ስኳር ያለባቸውን ታዳጊዎች በቀጥታ ይነካል። ከእነሱ መካከል፣ በተለይ ከሴቶቹ፣ ውፍረትን ፈርተው ኢንሱሊን የሚቀንሱ አሉ፤ መጨረሻው የደም አሲዳማ መሆን (ኬቶአሲዶሲስ) እና ድንገተኛ ክፍል ነው። ማሽኑ ይህን የማያውቅ ከሆነ «ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ» የምትለውን ልጅ ያበረታታታል። ልጅ ሌሊት «መኖር ሰልችቶኛል» ብሎ ሲጽፍም ማሽኑ ጥሩ ቃል መምረጡ አይበቃም፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው ከኋላው መኖር አለበት። ይህ ሰው የሌለው አገልግሎት ምንም ያህል ቢያምር ለልጄ አልጭነውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የመለኪያ ስትሪፕ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ፍሪጅ በሌለበት ገጠር ኢንሱሊን በእርጥብ አሸዋ በቀዘቀዘ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ስኳር «የሀብታም በሽታ» ወይም የሽማግሌ በሽታ ተደርጎ ስለሚታይ ልጅ ላይ ሲገኝ ሰው አያምንም። ሴት ልጅ ከሆነች «ማን ያገባታል?» ይመጣል። ጸበል ሲገባ መርፌው እንዲቋረጥ የሚያደርግ ቤተሰብ አለ፤ ጸበሉንም መርፌውንም አብሮ መያዝ እንደሚቻል ከክሊኒኩ የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። እዚህ ቤት 288 ቁጥር የለም። ስልክ ግን አለ፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ስልክ እናት፣ ልጅና ታላቅ ወንድም ይጋሩታል። ስለዚህ ለእኛ የሚቀርበን የደንዲው አጭር መልእክት ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በተራ ስልክ የሚገባ። መልእክቱም ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳው ልጅቷን የማያጋልጥ ይሁን፤ «ኢንሱሊንሽን ተወጋሽ?» ከሚል «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» የሚል ይሻላል። መልስ የሚሰጠው በአንድ ከተማ ክሊኒክ ያለች አንዲት ነርስ ብትሆን እንኳ ከባዶ ይሻላል።

በእስራኤል ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ አይነት 1 ስኳር ከፍ ብሎ መታየቱን ከጻፉ ቆይተዋል። እዚያ መሣሪያውም መተግበሪያውም አለ። ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ልጁ ዕብራይስጥ ያነባል፤ እናቱ አማርኛ። መተግበሪያው ስለ ስሜቱ የሚጠይቀው ልጁን ብቻ ነው፤ እናት ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምታነበው ቁጥሩን ነው። ስለዚህ ልጇ ከበር ሲገባ የምትጠይቀው ያንኑ ይሆናል፦ «ስንት ሆነ?» ክፋት የለባትም፤ ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልተሰጣት ነው። ለወላጅ በቋንቋው የተዘጋጀ አንድ አጭር የድምፅ መልእክት፣ ልጅዎን ከቁጥሩ በፊት ምን ይጠይቁት የሚል፣ በልጁ ስልክ ላይ ከሚጫነው አሥር ፕሮግራም የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ክሊኒክ ውስጥ ሊሞከር የሚችል ነገር አለ። መሣሪያው ወይም መተግበሪያው ሲሰጥ እናት፣ ልጅና ነርስ ቁጭ ብለው ማን ምን እንደሚያይ ይጻፉ። ለምሳሌ የልጅቷ ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ የእናትም ስልክ ይጮኻል። ከ300 በላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ከቆየ እናት ትጠይቃለች፤ ያውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሆነ። በመካከል ያለውን ልጅቷ ካልነገረቻት አትጠይቅም። ልጅቷ ስለ ስሜቷ የምትሞላውን መጠይቅ የምታየው ነርሷ ብቻ ናት፤ ራስን ስለ መጉዳት የጻፈችው ካለ ግን ለወላጅ እንደሚነገር ልጅቷ ከመሙላቷ በፊት አስቀድሞ ይነገራታል። ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ይፈርማሉ፤ በየስድስት ወሩም ከቀጠሮው ጋር ይታያል።